ዝናብ ሲዘንብ የሚቆም ፊልም፦ በአንድ ቤት የቪዲዮ መቆራረጥ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

«ቪዲዮው ስታክ ያደርጋል» የሚል አቤቱታ ብቻውን የትም አያደርስም። ምስሉ ቆሞ ድምፁ ይቀጥላል ወይስ ሁለቱም ይቆማሉ? ስክሪኑ መሃል የሚሽከረከር ክብ ይመጣል ወይስ ምስሉ እየሄደ ይንገጫገጫል? ሁሉም ፊልም ላይ ነው ወይስ አንዳንዱ ላይ? አንድ ቦታ ላይ የቆመውን ፊልም ወደ ኋላ መልሰው ሲያጫውቱት እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ይቆማል? የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ጥርጣሬውን ከአንዱ ዕቃ አንስቶ ሌላው ላይ ይጥለዋል። እዚህ የምተርከው እነዚህ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ማጫወቻ የተቀየረበት፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ ያደገበት፣ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ጭቅጭቅ የተገባበት ቤት ጉዳይ ነው። ጥፋቱ የነበረው ማንም ባልጠረጠረው ዕቃ ላይ ነው፤ ከጀርባውም ሌላ ጥፋት ተደብቆ ነበር።

ቤቱና የቪዲዮው መንገድ

ዕቃው ብዙ አይደለም። ሳሎን ውስጥ 4ኬ የሚባለውን እጅግ ጥርት ያለ ምስል የሚያሳይ ቴሌቪዥን አለ፤ ከሥሩ ኮዲ የተባለ የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም የተጫነበት አነስተኛ የሚዲያ ማጫወቻ ተቀምጧል። ከኋላ ባለው ክፍል አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ይሠራል። አባወራው በየጊዜው ከገዟቸው ዲስኮች ጥራታቸው ሳይቀነስ የተገለበጡ ፊልሞች የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ አሉ። ራውተሩም እዚያው ክፍል ነው፤ ኮምፒውተሩ በአጭር ኬብል ተያይዞበታል። ከራውተሩ የሚነሳ ረጅም የኔትወርክ ኬብል ደግሞ የግድግዳውን ጥግ ይዞ፣ በበሩ ደፍ ላይ አልፎ ሳሎን ይገባና ማጫወቻው ላይ ይሰካል።

አቤቱታው እንዲህ ነበር። ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚታዩ ቪዲዮዎች፣ 4ኬዎቹም ጭምር፣ ያለ ችግር ይሄዳሉ። ሃርድ ዲስኩ ላይ ያሉ የድሮ ፊልሞችም እንዲሁ። ከ4ኬ ዲስክ የተገለበጡት ትልልቆቹ ፊልሞች ግን መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ክቡ ጥቂት ይሽከረከራል፤ ፊልሙ ይቀጥላል፤ ደግሞ ይቆማል።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ማጫወቻው ላይ አረፈ። የድሮው ማጫወቻ ዕድሜው የገፋ ስለነበር በአዲስ ተተካ፤ ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ የኢንተርኔቱ ፓኬጅ ከፍ ተደረገ፤ አሁንም ያው። ልጃቸው ማጫወቻው ላይ ስፒድ ቴስት፣ ማለትም የኢንተርኔት ፍጥነት ልኬት፣ ሲያደርግ ውጤቱ 93 እና 94 ሜጋቢት በሰከንድ ላይ ተቸክሎ አልነቃነቅ አለ፤ የተከፈለበት ፓኬጅ ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። አገልግሎት ሰጪው እያጭበረበረን ነው ተባለና ስልክ ተደወለ። በመጨረሻ ኬብሉን ነቅለው በዋይፋይ ሞከሩት። ቀን ላይ ፊልሙ ያለ ችግር ሄደ፤ ማታ ግን ከኬብሉም ባሰ። ከዚህ ተነስተው የአዲሱ ማጫወቻ የኬብል መሰኪያ የተበላሸ ነው ብለው ደመደሙና ሊመልሱት ተዘጋጁ። እኔ የተጠራሁት እዚህ ላይ ነው።

«ልጄ፣ ኢንተርኔቱን አሳድገነዋል፤ ፊልሙ ግን ያው ነው» አሉኝ አባወራው።

«ጋሼ፣ ፊልሙኮ ያለው ጓዳ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።»

«እሱማ አዎ። ግን የሚመጣው በኔትወርክ አይደል?»

ይህ ግራ መጋባት የብዙ ሰው ነው፤ ብዙ ገንዘብም ያስወጣል። በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብዬ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት መስመር ከራውተሩ ላይ ነቀልኩት። የሁሉም ስልክ ኢንተርኔት የለም አለ። ከዚያ ከትልልቆቹ ፊልሞች አንዱን ከፈትን፤ ፊልሙ እንደ ወትሮው ተነሳ፤ እንደ ወትሮውም ቆመ። ፊልሙ የሚጓዘው ከሃርድ ዲስኩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ማጫወቻው ነው። ከቤት አይወጣም። ስለዚህ የኢንተርኔት ፓኬጁ ቢያድግም ቢያንስም ለዚህ ፊልም የሚጨምርለትም የሚቀንስበትም ነገር የለም።

ግራ ያጋባቸው ሌላም ነገር ነበር። የኢንተርኔቱ 4ኬ ካልቆመ የቤቱ 4ኬ ለምን ይቆማል? ሁለቱ በስም አንድ ሆነው በክብደት እጅግ ይለያያሉ። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ የሚመክረው የኢንተርኔት ፍጥነት 15 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። የኢንተርኔት ቪዲዮ ለመንገዱ ተብሎ አጥብቆ የተጨመቀ ነው፤ መስመሩ ሲደክምም ጥራቱን ራሱ ዝቅ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ከዲስክ የተገለበጠ ፊልም ግን ጥራቱ ያልተነካ ነው፤ ከባድ ትዕይንት ላይ ከ100 ሜጋቢት በሰከንድ በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ መንገዱ ሲጠብም ራሱን ማሳነስ አይችልም። የጠየቀውን ካላገኘ ይቆማል።

እናትየው ያስተዋሉት

ምንም ሳልነካ ችግሩን እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ። በሌሊት፣ በዶፍ ዝናብ ውስጥ ሰዎች የሚሯሯጡበት ትዕይንት ያለው ፊልም ከፈቱ። እስከ ዝናቡ ድረስ እክል አልነበረውም። ዝናቡ ከጀመረ ጥቂት ሰከንዶች በኋላ ቆመ። ወደ ኋላ መልሰን አጫወትነው፤ ከሞላ ጎደል እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ቆመ።

«እኔማ ድሮም ብያችኋለሁ» አሉ እናትየው። «ዝናብና ጭስ ሲመጣ ነው የሚቆመው። ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወሩ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።»

በዚያ ቤት ከተባለው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነበር፤ ግን እንደ መረጃ የቆጠረው ሰው አልነበረም። ቪዲዮ ሲጨመቅ እያንዳንዱ ምስል ሙሉ በሙሉ አይቀመጥም። በአብዛኛው የሚቀመጠው ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ የተለወጠው ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ ግድግዳው አይለወጥም፤ የሚላከው መረጃ ትንሽ ነው። ዝናብ፣ ጭስ፣ በረዶ፣ የሚናወጥ ውሃ ግን በእያንዳንዱ ምስል ላይ እንዳለ ይለዋወጣሉ፤ ከቀድሞው ምስል ብዙ መዋስ አይቻልም። ስለዚህ የመረጃው መጠን፣ ማለትም ቢትሬቱ፣ በድንገት ይንራል። ሁልጊዜ እንዲህ ባሉ ትዕይንቶች ላይ ብቻ የሚቆም ፊልም አንድ ቦታ ላይ የአቅም ጣሪያ እየነካ ነው። የተበላሸ ፋይል ቢሆን ኖሮ አንድ ፊልም ላይ ብቻ ይታይ ነበር። ዕቃው ሞቆ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ከተጀመረ ቆየት ብሎ፣ በማንኛውም ትዕይንት ላይ ይመጣ ነበር። ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ገመድ ቢሆን ኖሮ ስክሪኑ ይጠቁር ወይም ነጠብጣብ ይታይበት ነበር እንጂ የሚሽከረከር ክብ አይመጣም።

የቀረው ጥያቄ ጣሪያው የቱ ዕቃ ላይ ነው የሚለው ነው። ሁለት አማራጭ አለ፦ ወይ ማጫወቻው የሚመጣለትን መረጃ ፈትቶ ማሳየት አልቻለም፣ ወይ ደግሞ መረጃው ራሱ በበቂ ፍጥነት አልደረሰውም። ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን የሚገናኝ አይደለም።

ኮዲ ይህን ለመለየት የሚረዳ መረጃ ያሳያል። ኪቦርድ ሰክቶ ኮንትሮልና ሺፍትን ይዞ ኦ ፊደልን መጫን ነው። ፊልሙ እየሄደ ጥቃቅን ጽሑፍ ከላይ ይወጣል፦ ቪዲዮውን የሚፈታው ማን እንደሆነ፣ የቪዲዮው ወረፋ፣ ማለትም ደርሶ ለመፈታት ተራ የሚጠብቀው መረጃ፣ ስንት ከመቶ እንደሞላ፣ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሳይታይ እንደተጣለ። ዝናቡ ሲመጣ ዓይናችንን እዚያ ላይ ተከልን። ኤችኢቪሲ የተባለውን የ4ኬ ቪዲዮ የሚፈታው ለዚሁ የተሠራው የቺፑ ክፍል ነበር፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ጫና የለም፤ የተጣሉ ፍሬሞች ቁጥር አይጨምርም። የቪዲዮው ወረፋ ግን እየወረደ፣ እየወረደ ባዶ ሆነ፤ ፊልሙም የዚያኔ ቆመ። ማጫወቻው ሊሠራው ያቃተው ነገር የለም፤ የሚሠራው እያጣ ነው። አቅም ያነሰው ማጫወቻ ቢሆን ኖሮ ወረፋው ሞልቶ የሚጣሉት ፍሬሞች ይበዙ ነበር።

ሒሳቡ

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሒሳብ ሠራሁ፤ ለዚህ የሚበቃው ማባዛትና ማካፈል ነው። ፊልሙ 60 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ርዝመቱ 2 ሰዓት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 60 ጊጋባይት 480,000 ሜጋቢት ይሆናል፤ ለ7,200 ሰከንድ ሲካፈል በአማካይ ወደ 67 ሜጋቢት በሰከንድ። ስፒድ ቴስቱ ተቸክሎ የቀረው 94 ላይ ነው። አማካዩ ከ94 በታች ስለሆነ ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል። ዝናቡ ላይ ግን ከ94 በላይ ይጠይቃል።

94 ደግሞ እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይደለም። በኤተርኔት፣ ማለትም በቤቱ የኔትወርክ ኬብል፣ ላይ መረጃ የሚጓዘው በጥቅል በጥቅል ነው። አንድ ሙሉ ጥቅል ከመግቢያ ምልክቱ፣ ከአድራሻው፣ ከመፈተሻ ኮዱና በጥቅሎች መሃል ከሚተወው ክፍተት ጋር ኬብሉ ላይ የ1,538 ባይት ቦታ ይይዛል። ከዚያ ውስጥ ለተጠቃሚው የሚደርሰው ንጹህ መረጃ በተለመደው አሠራር 1,448 ባይት ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉት 94 ከመቶ ይመጣል። ስለዚህ 100 ሜጋቢት የሆነ የኤተርኔት መስመር ምንም ሳይጎድልበት ሲሠራ የሚሰጠው 94 ነው፤ 1,000 ሜጋቢት የሆነው ደግሞ 941 አካባቢ። ስፒድ ቴስት 93 እና 94 ላይ እየቆመ አልነቃነቅ ሲል ደካማ ኢንተርኔት እንዲህ አያደርግም፤ ደካማ ኢንተርኔት ይዋዥቃል። ይህ ቁጥር በመንገዱ ላይ የሆነ ቦታ 100 ሜጋቢት የሆነ መስመር አለ ማለት ነው። ልጁ በስልኩ ያነሳቸውን የስፒድ ቴስት ፎቶዎች ሲያሳየኝ ግማሹ ሥራ ተጠናቋል፤ ለአገልግሎት ሰጪው ማስረጃ ይሁነኝ ብሎ ያስቀመጣቸው ፎቶዎች አገልግሎት ሰጪውን ነጻ የሚያወጡ ነበሩ።

ፊልሙ ዝናቡ በጀመረ ቅጽበት ሳይሆን ጥቂት ቆይቶ የሚቆመውም ለዚሁ ነው። ማጫወቻው ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን መረጃ ቀድሞ እያመጣ በማጠራቀሚያ ይይዛል። ከታች በትልቅ ቧንቧ እየተቀዳ ከላይ በቀጭን ቧንቧ እንደሚሞላ በርሜል ማለት ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ልዩነቱ አይታወቅም። የኮዲ ማጠራቀሚያ ካልተቀየረ 20 ሜጋባይት ነው፤ ይህም 160 ሜጋቢት። ትዕይንቱ 114 እየጠየቀ 94 ብቻ ከገባ በየሰከንዱ 20 ይጎድላል፤ 160 ለ20 ሲካፈል 8 ሰከንድ። ከ8 ሰከንድ ያጠረ ከባድ ትዕይንት ማንም ሳያውቀው ያልፋል፤ የረዘመው ይቆማል።

ልጁ ማጠራቀሚያውን ማስፋት የሚል ምክር አንብቦ ነበርና ለምን እንደዚያ አናደርግም አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እውነተኛ መልስም ይገባዋል። አማካዩ 67 ገቢው 94 ስለሆነ፣ ማጠራቀሚያው ወደ 500 ሜጋባይት ቢያድግ ይህ ፊልም በአብዛኛው ሳይቆም ይሄድ ነበር። ኬብል መቀየር ለማይችል ሰው እኔም ይህንኑ እመክራለሁ። ግን ፊልሙ ገና ሲከፈት ወይም ወደ ፊት ሲዘለል ማጠራቀሚያው ባዶ ነው፤ ከባድ ትዕይንት ያኔ ከገጠመ ይቆማል። ከዚህም በላይ አንድ ዕቃ እየተበላሸ ከሆነ ማወቅ አለብን። ጉድለቱን ሸፍኖ መሄድ ነገ በሌላ በኩል ብቅ እንዲል መፍቀድ ነው።

ጣሪያውን ፍለጋ

መንገዱን ለሁለት ለመክፈል ፊልሙን በፍላሽ ገልብጠን በቀጥታ ማጫወቻው ላይ ሰካነው። ይህን የምትሞክሩ ሁሉ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ ፍላሾች በፋት 32 ፎርማት ነው የሚመጡት፤ ይህ ፎርማት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሲደረግም በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፊልሙ ከፍላሹ ሲሄድ ዝናቡ ላይ አልቆመም። ጭሱም ላይ አልቆመም። ማጫወቻው፣ ፋይሉ፣ ኤችዲኤምአዩና ቴሌቪዥኑ በአንድ ጊዜ ከዚህ ክስ ነጻ ወጡ። ሊመለስ የነበረው ማጫወቻም በቦታው ቀረ።

በዚህ ሙከራ መሃል ግን ሌላ ነገር አየሁ። ካሜራው ቀስ ብሎ ከጎን ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ አንዴ እንደ መደናቀፍ አለ። ክብ የለም፤ ድምፁም አልተቋረጠም። ቆየት ብሎ ደግሞ አንዴ። ይህ ሌላ ጉዳይ እንደሆነ ገባኝና ማስታወሻ ይዤ ለጊዜው ተውኩት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መንካት የትኛው ምን እንዳደረገ ያሳጣል።

ቀጥሎ ማጫወቻው ላይ የነበረውን የረጅሙን ኬብል ጫፍ ነቅዬ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት፤ አይፐርፍ በተባለው ነጻ የመለኪያ ፕሮግራም ከጓዳው ኮምፒውተር ጋር ያለውን ፍጥነት ለካሁ። አይፐርፍ ፊልም አያጫውትም፣ ሃርድ ዲስክም አያነብም፤ የመስመሩን አቅም ብቻ ነው የሚለካው። ውጤቱ 94 ሆነ። ላፕቶፑን ይዤ ኋላ ክፍል ገባሁና በአጭር ኬብል በቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰክቼ ደገምኩት፤ ወደ 940 ወጣ። ላፕቶፑ ያው፣ ራውተሩ ያው፣ ኮምፒውተሩም ያው ነው። የተለወጠው ኬብሉ ብቻ ነው። የራውተሩ ማስተካከያ ገጽም ያንኑ ይናገር ነበር፦ የኮምፒውተሩ መሰኪያ 1,000፣ የሳሎኑ መሰኪያ 100። ከሁሉም በፊት ይህን ገጽ ማየት ለብዙ ሰው በቂ ነው፤ ኪቦርድም አይፐርፍም ላያስፈልግ ይችላል።

ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችን እየዳሰስን ሄድን። በሩ ደፍ ላይ ስንደርስ ጠፍጣፋ ሆኖ አገኘነው። በሩ በተዘጋ ቁጥር ኬብሉን ይጫነዋል። መፈተሻ ስንሰካበት የሽቦ ቁጥር 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 መብራቶች በሩ፤ የ7 እና የ8 ግን አልበሩም። በውስጡ ካሉት 4 ጥንድ ሽቦዎች ቡናማው ጥንድ ተቆርጧል።

የኔትወርክ ኬብል ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ተበላሽቶ ሙሉ ጤነኛ መስሎ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የ100 ሜጋቢት ኤተርኔት የሚጠቀመው 2 ጥንድ ብቻ ነው፦ 1 እና 2፣ 3 እና 6። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) ኤተርኔት ግን 4ቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ሁለት መሣሪያዎች ሲገናኙ በመጀመሪያ በ2ቱ ጥንድ ተነጋግረው በጊጋቢት ለመሥራት ይስማማሉ፤ ቡናማው ጥንድ ላይ ሲደርሱ ግን አይሆንላቸውም። ብዙ መሣሪያዎች ደጋግመው ሞክረው ሲያቅታቸው ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ። መብራቱ ይበራል። ኢንተርኔት ይሠራል። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ የለም። እንዲህ በዝምታ የሚወርድ ዕቃ ብዙ ሰው ያደክማል፤ ማጫወቻዎች ይህን በግልጽ ቢያሳውቁ ስንት ወጪና ስንት ጭቅጭቅ በቀረ ነበር።

አሁን የቀደሙት ሙከራዎች ለምን እንዳሳሳቱም ተገለጠ። የድሮው ማጫወቻ መሰኪያ በተፈጥሮው 100 ሜጋቢት ብቻ ነበር፤ የብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች መሰኪያም እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ሁለት ጣሪያ ነበር፤ ማጫወቻውና ኬብሉ። ማጫወቻውን መቀየር ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ግን ኬብሉ ሁለተኛው ጣሪያ ሆኖ ስለቆየ ጥቅሙ አልታየም። ዋይፋዩም እንደዚያው ነው። ቀን አየሩ ነጻ ሲሆን ከ94 በላይ ያሳልፍ ነበርና ፊልሙ ሄደ፤ ማታ ሁሉም በየስልኩ ላይ ሲሆንና የጎረቤቶችም ዋይፋይ ሲጨናነቅ ከ94 በታች ወረደ። የተጎዳ ኬብል ከዋይፋይ ሲያንስ ያየ ሰው መሰኪያውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ካት 5ኢ የሚባለው ደረጃ ያለው አዲስ የኔትወርክ ኬብል ተዘረጋ። ሻጮች ካት 7 እና ካት 8 ካልሆነ ይላሉ፤ ለጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ድረስ ካት 5ኢ ይበቃል። ዋናው ነገር 8ቱም ሽቦዎች ያሉትና በበር የማይረገጥ መሆኑ ነው፤ በደፉ ፋንታ በበሩ ፍሬም ዙሪያ በላይ በኩል አሳለፍነው። የራውተሩ ገጽ 1,000 አለ። ዝናቡ ዘነበ፤ ፊልሙ ሄደ።

የቀረው መደናቀፍ

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ይሰናበት ይሆናል፤ ቤተሰቡም ደስ ብሏቸው ነበር። እኔ ግን በፍላሹ ሙከራ ጊዜ ያየሁት አልወጣልኝም። ካሜራው በዝግታ የሚዞርበት ረጅም ትዕይንት ፈልገን ሰዓት ይዘን ተመለከትን። አንድ መደናቀፍ፤ ከ40 ሰከንድ ጥቂት አለፍ ብሎ ሌላ፤ እንደገና በዚያው ልክ ሌላ። ትዕይንቱ ቢከብድም ቢቀልም ልዩነቱ ያው ነው። እንዲህ በልክ የሚመጣ መደናቀፍ የመስመር ጉዳይ አይደለም፤ ሁለት ሰዓቶች አለመስማማታቸው ነው።

ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው ይባላል፤ በቤት ውስጥ ዲስኮች ላይ ያለው አብዛኛው ፊልም ግን በትክክል 23.976 ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. ወደ 1953 ይመለሳል። በአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን ደረጃ ሲወጣ፣ የቀለሙ ምልክት ከድምፁ ጋር እንዳይጋጭ በሰከንድ 30 የነበረው የምስል ቁጥር በ1,000 ለ1,001 ተቀንሶ 29.97 ሆነ። ፊልሙም ከዚያ ጋር እንዲጣጣም በዚያው ልክ ተቀነሰ። የዚያ ዘመን ስሌት እስከ ዛሬ በዲጂታል ፋይል ውስጥ አለ።

ልጁ ፊልም 24 ፍሬም መሆኑን አንብቦ የማጫወቻውን የስክሪን ማደሻ ፍጥነት፣ ማለትም ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚያድስ፣ በ24 ሄርዝ (በሰከንድ 24 ጊዜ) በእጁ አስተካክሎት ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ከ60 ሄርዝ በእጅጉ ይሻላል፤ ምክንያቱም 24 ለ60 ሳይተርፍ ስለማይገባ አንዱ ምስል 2 ጊዜ ቀጣዩ 3 ጊዜ እየታየ ሁልጊዜ ይንገጫገጫል። ግን ቴሌቪዥኑ በሰከንድ 24 ምስል እየጠየቀ ፋይሉ 23.976 ሲሰጥ በየሰከንዱ 0.024 ምስል ይጎድላል። 1 ለ0.024 ሲካፈል 41.7። በየ41.7 ሰከንዱ አንድ ሙሉ ምስል ይጎድልና ማጫወቻው የቀደመውን ይደግመዋል። ዓይን ያየው ያንን ድግግሞሽ ነው። ሰዎች ተቀምጠው በሚያወሩበት ትዕይንት ላይ አይታወቅም፤ ካሜራ ሲዞር ግን ያስታውቃል።

ኮዲ ውስጥ የስክሪኑን ማደሻ ፍጥነት ከቪዲዮው ጋር የሚያስማማ ምርጫ አለ፤ ካልበራ አይሠራም። ፊልም ሲጀመርና ሲያበቃ እንዲቀይር አደረግነው፤ ቴሌቪዥኑ ከሚቀበላቸው ውስጥ 23.976 መፈቀዱንም አረጋገጥን። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ፊልም ሲጀመር ለአፍታ ይጠቁራል። እናትየው ይህን ሲያዩ ደግሞ ሌላ ብልሽት መጣ ብለው ደነገጡ፤ ቴሌቪዥኑ ፍጥነቱን እየቀየረ መሆኑን ነገርኳቸው። በዚያች አፍታ የፊልሙ መጀመሪያ ድምፅ እንዳያመልጣቸው፣ ለውጡ እስኪያልቅ ፊልሙን ጥቂት የሚያቆየውን ምርጫም አብረን አበራን። የሚዞረውን ትዕይንት እንደገና ከፈትን። 40 ሰከንዱ አለፈ፤ ደግሞ አለፈ፤ ምስሉ አልተደናቀፈም።

ሁለቱ ጥፋቶች አንዱ ሌላውን ይሸፍን ነበር። ፊልሙ በየጊዜው እየቆመ እያለ ማንም ሰው ትንሿን መደናቀፍ ለይቶ ሊያያት አይችልም፤ ቢያያትም የዚያው ችግር አካል አድርጎ ይወስዳታል። ኬብሉ ተቀይሮ መደናቀፏ ሳትጠፋ ስትቆይ ደግሞ «ኬብሉም አልሠራም» ወደ ማለት በቀላሉ ይኬዳል፤ ጤነኛ ዕቃ ተመልሶ የሚነቀለው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። እኔን የረዳኝ ገና ከጅምሩ ሁለቱን በመልካቸው መለየቴ ነው፦ አንዱ ክብ ያመጣል፣ ድምፅ ያቋርጣል፣ ከባድ ትዕይንት ይመርጣል፤ ሌላው ክብ የለውም፣ ድምፅ አይነካም፣ ሰዓት ይጠብቃል።

የኢንተርኔት ፓኬጁ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ ለሚያዩት ነገር ይበቃቸዋል። ተነስቶ የነበረው የድሮ ማጫወቻም ጡረታ አልወጣም። ከ4ኬ ያነሰ ጥራት ያለው የተለመደው የ1080 ብሉሬይ ዲስክ ፊልም ቪዲዮና ድምፁ ተደምሮ ከፍተኛው 48 ሜጋቢት በሰከንድ ስለሆነ ለ100 ሜጋቢት መሰኪያው ቀላል ነው፤ አሁን ልጁ ክፍል ውስጥ የድሮዎቹን ፊልሞች ያጫውታል።